የፕሮቲን አተጣጠፍና አፈታት በአቶም አስኳል ድምፅ ሲመረመር

እንቁላል ሲቀቀል እንደ ውኃ ጥርት ብሎ የነበረው ፈሳሽ ነጥቶና ረግቶ የሚወጣው፣ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ሙቀቱ ሲበረታባቸው የተፈጥሮ እጥፋታቸውን ፈትተው፣ የተፈቱትም ሰንሰለቶች እንደ ተወሳሰበ ፈትል እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው መመለሻ ስለሚያጡ ነው። ነገር ግን ከዚያው ከእንቁላል ነጭ ውስጥ ላይሶዛይም የተባለውን ፕሮቲን ለብቻው አጥርቶ፣ ጥቂት አሲድ ባለበት ውኃ አሟሙቶ፣ እጥፋቱ እስኪፈታ ድረስ ያሞቀና መልሶ ያቀዘቀዘ ሰው የሚያየው ነገር ሌላ ነው፤ ተፈትቶ የነበረው ሰንሰለት ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያስተምረው ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለስና የባክቴሪያን ግድግዳ የመስበር ግብሩን እንደ ጥንቱ ይፈጽማል። በሁለቱ መካከል፣ ማለት ሰንሰለቱ ልቅ ሆኖ ከሚንሳፈፍበት ሁኔታ ተነሥቶ መልኩን እስኪይዝ ድረስ ባለው እጅግ አጭር ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሆን ሊቃውንት መጠየቅ ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ይህም ዳሰሳ ለዚያ ጥያቄ ኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ፣ በአጭሩ ኤን ኤም አር የተባለው የምርመራ ጥበብ ምን እንደ መለሰና ምን እንዳልመለሰ የሚመለከት ነው። የማወሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮቲን ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች በየተራቸው ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ሲሆን፣ ግብሩን የሚያገኘው ግን ሰንሰለቱ በተወሰነ ሥርዓት ከታጠፈ በኋላ ብቻ ነው። በአሜሪካ ቤተዝዳ በብሔራዊ የጤና ተቋም ይሠራ የነበረው ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኑክሊየስ የተባለውን፣ 124 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ፕሮቲን በዩሪያ ፈትቶ፣ እጥፋቱን አጥብቀው የያዙትን 4 የሰልፈር ድልድዮች ከሰባበረ በኋላ ዩሪያውን ቢያስወግድለት፣ ሰንሰለቱ ራሱን በራሱ አጥፎ ድልድዮቹን በየትክክለኛ ቦታቸው ሠራ፤ ስምንቱ የሰልፈር እጆች ሁለት ሁለት ሆነው ሊጣመሩ የሚችሉበት መንገድ 105 መሆኑን ለሚያስብ ሰው ይህ ታላቅ ነገር ነው። አንፊንሰን የመልኩ ሥርዓት በአሚኖ አሲዶቹ ተራ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱን ስላስረዳ በ1972 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይሁን እንጂ ደብዳቤው የተጻፈ መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር፣ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ሳይረስ ሌቪንታል በ1969 እንዳሳሰበው፣ 100 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት እያንዳንዱ አባል ሦስት ዓይነት አቀማመጥ ብቻ ቢኖረው እንኳ፣ ሁሉንም አቀማመጥ አንድ በአንድ እየሞከረ ትክክለኛውን ይፈልግ ቢባል የዓለም ዕድሜ አይበቃውም፤ እውነተኛው ፕሮቲን ግን በሰከንድ ወይም በሰከንድ ክፍልፋይ ታጥፎ ያድራል። ስለዚህ መንገድ አለ ማለት ነው። መንገዱን ያየው ግን አልነበረም።

ያላየውም የሚያይበት መሣሪያ ስላልነበረ ነው። የብርሃን ጨረር አሳልፎ የፕሮቲኑን ቀለም ወይም ፍካት የሚለካ ሰው ሰንሰለቱ መታጠፉንና በምን ያህል ፍጥነት እንደ ታጠፈ ሊያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን የሚሰማው ከቅኔ ማኅሌት በር ውጭ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ሰው ነው፤ ዜማው ከፍ ማለቱንና ዝቅ ማለቱን ይለያል እንጂ የትኛው ካህን ቀድሞ እንዳነሣና የትኛው ዘግይቶ እንደ ተቀበለ አይለይም። ኤን ኤም አር ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ነው። የሃይድሮጅን አስኳል፣ እንደዚሁም የተወሰኑ የካርቦንና የናይትሮጅን ዓይነቶች አስኳሎች፣ እያንዳንዳቸው እንደ ጥቃቅን ማግኔት ናቸውና በብርቱ ማግኔት ውስጥ ሲቀመጡ ለየራሳቸው በተወሰነ የራዲዮ ሞገድ ያስተጋባሉ፤ የማስተጋባታቸውም ልክ በዙሪያቸው ባሉት ኤሌክትሮኖችና ጎረቤት አቶሞች ምክንያት በጥቂቱ ይለያያል። በአንድ ፕሮቲን ውስጥ ያሉ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች በጠባያቸው አንድ ዓይነት ቢሆኑም፣ አንዱ በእጥፋቱ ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ሌላው ወደ ውኃው ወጥቶ የሚገኝ ከሆነ ድምፃቸው አንድ አይሆንም። ይህንን የአስኳል ማስተጋባት ፌሊክስ ብሎክ በስታንፎርድ፣ ኤድዋርድ ፐርሴል በሃርቫርድ ለየብቻቸው ካገኙት በኋላ በ1952 በአንድነት ተሸለሙበት። የፕሮቲን የመጀመሪያው የኤን ኤም አር መዝገብ በ1957 ሲወጣ የተመረጠው ያው አንፊንሰን የደከመበት ራይቦኑክሊየስ ነበር፤ የታየውም ጥቂት ሰፋፊ ጉብታዎች እንጂ የእያንዳንዱ አቶም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማግኔቶቹ በረቱ፤ ሪቻርድ ኤርንስት የአስኳሎችን ድምፅ ሁሉ በአንድ ምት ቀስቅሶ በሒሳብ የሚለያይበትን ዘዴ አመጣ፤ ኩርት ቩትሪክ በዙሪክ ከጓደኞቹ ጋር በመሆን በ1980ዎቹ መካከል የፕሮቲንን ሙሉ መልክ በውኃ ውስጥ እንዳለ ለመሳል የሚያስችለውን ሥርዓት አቆመ፤ በዚህም በ2002 ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ።

ሥራውን በቅርብ ያላየ ሰው እንዲረዳው መሣሪያውን ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነጭ በርሜል ይቆማል፤ በውስጡ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚያስተላልፍ የተጠቀለለ ሽቦ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ሂልየም ተነክሮ ይኖራል፤ በተለመደው 600 ሜጋኸርዝ መሣሪያ የሚገኘው የማግኔት ኃይል 14.1 ቴስላ፣ ማለት ከምድር መግነጢሳዊ ኃይል ከሁለት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚበልጥ ነው። ተመራማሪው ግማሽ ሚሊ ሊትር የሚያህል የፕሮቲን ውሕድ ከእርሳስ በቀጠነ የመስታወት ቱቦ አድርጎ ከላይ ወደ በርሜሉ ልብ ያወርደዋል። ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ የተሠራው፣ በተፈጥሮ ከመቶ ግማሽ እንኳ የማይሞላውን ናይትሮጅን 15 የተባለውን ዓይነት ለይተው በቀለቧቸው ባክቴሪያዎች ነው። ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተሩ መስኮት የሚታየው ካርታ ነው፤ በአንድ በኩል ሃይድሮጅን፣ በሌላው በኩል ናይትሮጅን ተሰፍረው፣ ከሰንሰለቱ አባላት እያንዳንዱ ማለት ይቻላል አንዳንድ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ዩቢኩቲን በታጠፈ ጊዜ ነጠብጣቦቹ እንደ ሌሊት ከዋክብት በሰፊው ተበትነው ይታያሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ አባል የየራሱ ሰፈርና ጎረቤት አለው። ፕሮቲኑ በዩሪያ ወይም በአሲድ ሲፈታ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ውኃ ይከበዋልና ነጠብጣቦቹ ተሰብስበው በካርታው መካከል በጠባብ ቦታ ይታጨቃሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው የታጠፈውን ከተፈታው ለመለየት ሁለተኛ ትምህርት አያሻውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የጊዜ ጥያቄ ነው፤ የኤን ኤም አር መሣሪያ አንድ ካርታ ለመሳል ደቂቃዎች ይፈጅበታልና። በእርግጥ ዘገምተኛ የሆነ አተጣጠፍ በቱቦው ውስጥ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ እየተደጋገመ ሲቀረጽ ቆይቷል፤ ፈጣኑን ግን ለመያዝ የተገኘው ብልሃት ከመሣሪያው በፊት ያለ ብልሃት ነው፤ ይኸውም የሃይድሮጅን ልውውጥ ይባላል። የዴንማርኩ ሊቅ ካይ ሊንደርስትሮም ላንግ በኮፐንሀገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ በ1950ዎቹ እንዳስተዋለው፣ በሰንሰለቱ ጀርባ ላይ ካለው ናይትሮጅን ጋር የተያያዘው ሃይድሮጅን ከውኃው ሃይድሮጅን ጋር ዘወትር ይለዋወጣል፤ ነገር ግን በእጥፋቱ ውስጥ ተሸሽጎ ከሌላ አቶም ጋር የተሳሰረ ከሆነ እጥፋቱ ለአፍታ እስካልተከፈተ ድረስ አይለዋወጥም። ስለዚህ ፕሮቲኑን በከባድ ሃይድሮጅን በተሠራ ውኃ ውስጥ የከተተ ሰው፣ የትኛው አቶም በሰከንድ፣ የትኛው በቀናት፣ የትኛው በወራት እንደሚለዋወጥ ሲቆጥር፣ የታጠፈው ፕሮቲን እንደ ድንጋይ ጸንቶ የሚቀመጥ ሳይሆን በየጊዜው እየተከፈተና እየተዘጋ የሚኖር መሆኑን ይረዳል። ለእኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ ልብን የሚነካው ይህ ነው፤ ፎቶግራፉ የቆመ የሚመስለው ነገር በእውነቱ የሚተነፍስ መሆኑ።

በ1988 ሁለት ቡድኖች ይህንን ልውውጥ ወደ ሺኛ የሰከንድ ክፍልፋይ አወረዱት፤ ሮደርና ኢንግላንደር ሳይቶክሮም ሲ በተባለው ፕሮቲን፣ ኡድጋኦንካርና ቦልድዊን በራይቦኑክሊየስ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ፕሮቲኑ ተፈትቶ በከባድ ውኃ ውስጥ ይቆይና የሚለዋወጠው ሃይድሮጅኑ ሁሉ በከባዱ ይተካል፤ ከዚያ በፍጥነት ከተራ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ መታጠፍ ይጀምራል፤ ተመራማሪው የፈለገውን ያህል ሚሊ ሰከንድ ጠብቆ ለአጭር ቅጽበት የውኃውን አሲድነት ይቀንሳል፤ አሲድነቱ ሲቀንስ ልውውጡ እጅግ ይፈጥናልና በዚያች ቅጽበት ገና ሳይሸፈን የተገኘው ክፍል ሁሉ ተራ ሃይድሮጅን ይቀበላል፤ ቀድሞ የተሸፈነው ግን ከባዱን እንደ ያዘ ይቀራል። ወዲያው አሲዱ ተመልሶ ልውውጡ ይታገዳል፤ ፕሮቲኑም ታጥፎ ይጨርስና ወደ በርሜሉ ይገባል። ከባዱ ሃይድሮጅን በካርታው ላይ ድምፅ የለውምና፣ የጠፉት ነጠብጣቦች በዚያች ቅጽበት ቀድመው ቤታቸውን የሠሩትን አባላት በስም ይናገራሉ። በዚህ መንገድ በሳይቶክሮም ሲ በሰንሰለቱ መጀመሪያና በሰንሰለቱ መጨረሻ ያሉት ሁለት ጥምዝማዞች፣ በፊደል ተራ እጅግ የተራራቁት፣ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ተገናኝተው በ20 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ እንደሚሸፈኑ ታወቀ። በ1992 ሺላ ራድፎርድ፣ ክሪስቶፈር ዶብሰንና ጓደኞቻቸው በኦክስፎርድ ያንኑ ዘዴ በእንቁላሉ ላይሶዛይም ላይ ሲሞክሩት፣ ጥምዝማዝ የበዛበት የፕሮቲኑ ክፍል ከሌላው ክፍል ቀድሞ እንደሚጸና፣ ደግሞም ሰንሰለቶቹ ሁሉ በአንድ ጎዳና እንደማይሄዱ አገኙ።

እነሆ እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ተለያዩ። የተገኘው ንባብ አንድ ሲሆን ትርጓሜው ሁለት ሆነ፤ እንደ መጻሕፍት መምህራን አንድም ይላሉ፦ ፕሮቲኑ በተወሰኑ ደረጃዎች፣ ቁራጭ በቁራጭ እየተሰካ፣ በአንድ የታወቀ መንገድ ይታጠፋል፤ የዚህ ትርጓሜ ዋና ጠበቃ ዋልተር ኢንግላንደር ነው። አንድም፦ የተፈቱት ሰንሰለቶች ከልዩ ልዩ ቦታ ተነሥተው፣ ከተራራ ሁሉ እንደሚወርድ ጎርፍ በየራሳቸው ሸለቆ ወርደው በመጨረሻ አንድ ገደል ውስጥ ይገናኛሉ፤ ይህን የምናብ ሳይሆን የሒሳብ ምሳሌ ያቆሙት ፒተር ወላይነስ፣ ሆሴ ኦኑቺክ፣ ኬን ዲል የመሳሰሉት ናቸው። አለን ፈርሽት ደግሞ ካይሞትሪፕሲን አጋች 2 የተባለው ትንሽ ፕሮቲን በመካከል ማረፊያ ሳይታይበት በአንድ ዝላይ የሚታጠፍ መሆኑን ስላሳየ፣ ደረጃ የሚባለው ነገር ለሁሉም ግዴታ አለመሆኑ ተረጋገጠ። እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ የቀዘቀዘው አንዱ ወገን ስለ ረታ ሳይሆን፣ ኤን ኤም አር ጥያቄውን ከስንት መንገድ አለ ከማለት አንሥቶ በመንገዱ ላይ ማን ይገኛል ወደ ማለት ስላሸጋገረው ነው።

በመንገዱ ላይ የሚገኙት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው። በጸና ውሕድ ውስጥ ከመቶ 97 ወይም 98ቱ ሰንሰለቶች ታጥፈው ሲገኙ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ለሺኛ የሰከንድ ክፍልፋዮች ወደ መካከለኛ መልክ ገብተው ይወጣሉ፤ በካርታው ላይ የራሳቸው ነጠብጣብ የላቸውም፣ ፕሮቲንን ክሪስታል አድርጎ መልኩን በሚስለው ዘዴም አይያዙም። ነገር ግን አንድ አስኳል በሁለት መልክ መካከል ሲመላለስ ሁለት ዓይነት ድምፅ ስለሚኖረው፣ የሚታየው የብዙኃኑ ድምፅ ራሱ በጥቂቱ ይሻክራል፤ ነጠብጣቡም ይሰፋል። ካርና ፐርሴል በ1954፣ ሚቦምና ጊል በ1958 የሠሩት የራዲዮ ምት ተከታታይ፣ ምቶቹ ሲቀራረቡ ሻካራውን ድምፅ ያለሰልሰዋል፣ ሲራራቁ ይተዉታል፤ ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ በሒሳብ የሚሠራ ሰው የማይታየው እንግዳ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚመላለስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሱ ድምፅ ምን እንደሆነ አውጥቶ ይናገራል፤ ድምፁ ከታወቀ መልኩም ይታወቃል። ይህንን ዘዴ ለፕሮቲን አተጣጠፍ እስከ ጥግ ያደረሰው በቶሮንቶ የሚሠራው ሉዊስ ኬይ ከተባባሪዎቹ ጋር ነው። በ2010 አራት ጥምዝማዝ ያለው ኤፍ ኤፍ የተባለው ትንሽ ፕሮቲን ከመቶ ከ2 እስከ 3 ብቻ የሚደርሰው መካከለኛ መልኩ አቶም በአቶም ተሳለ፤ በመጨረሻው እጥፋት ውስጥ የሌሉ መነካካቶችም ተገኙበት፤ ማለት ፕሮቲኑ ወደ ቤቱ ሲሄድ በተሳሳተ በር ገብቶ እንደገና መውጣት ነበረበት። በ2012 ደግሞ ፊን ኤስ ኤች 3 የተባለው የሌላ ፕሮቲን መካከለኛ መልክ ተሳለ፤ የሰንሰለቱ መጨረሻ ገና ሳይገጥም ስለሚቀር፣ ከጎረቤት ፕሮቲን ጋር ሊጣበቅ የሚወድ ጠርዝ ገላው ተገልጦ ይታያል። ስንት ጊዜ ከመቶ ሁለቱን እንደ ስሕተት ቆጥረን ጥለናቸው እንደ ነበር ሳስብ ይቈጨኛል፤ የነገሩ ምሥጢር የነበረው እነርሱ ዘንድ ነውና።

የተገለጠ ጠርዝ ዋጋው በሽታ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ቤተሰቦች የሰው ላይሶዛይም በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ተለውጦ ሲወረስ፣ ፕሮቲኑ በጉበት፣ በኩላሊትና በሌሎች ብልቶች እንደ ቃጫ እየተጠራቀመ አሚሎይዶሲስ የተባለውን ሕመም ያመጣል። የዶብሰን ቡድንና ተባባሪዎቹ በሃይድሮጅን ልውውጥ እንዳሳዩት፣ የተለወጠው ፕሮቲን ሲታጠፍ ከጤናማው ጋር አንድ መልክ አለው፤ ልዩነቱ አንድ ትልቅ ክፍሉ በአንድነት ለጊዜው ተፈትቶ የመመለስ ልማድ ያለው መሆኑ ነው። ሐኪሙ የቆመውን መልክ ብቻ ቢመለከት አንዳች ጉድለት አያገኝም፤ ጉድለቱ ያለው በአፈታቱ ነው።

ተፈታ የሚባለውም ራሱ ባዶ ልቅነት አለመሆኑን ማወቅ ሌላው ትርፍ ነው። በ1990 የማዮግሎቢን ሰንሰለት ያለ ብረቱ፣ በመጠነኛ አሲድ ውስጥ በግማሽ ሲፈታ ከጥምዝማዞቹ ሦስቱ ጸንተው እንደሚቆዩ በልውውጥ ታወቀ፤ በ1992 ቩትሪክና ተባባሪዎቹ አንድ ትንሽ ፕሮቲን በ7 ሞላር ዩሪያ ተፈትቶ እንኳ ውኃን የሚሸሹ አባላቱ በአንድ ቦታ ተሰብስበው መገኘታቸውን አሳዩ። ከዚያም አልፎ ፒተር ራይትና ጄን ዳይሰን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዳስገነዘቡት፣ ከቶ ሳይታጠፉ ሥራቸውን የሚሠሩ ብዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነዚህን በክሪስታል ሊይዛቸው የሚሻ ምንም አያገኝም፣ ኤን ኤም አር ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ያነጋግራቸዋል። ስለ ብርድና ስለ ግፊት የተደረገውን ምርምር በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ፕሮቲን በሙቀት ብቻ ሳይሆን በብርድም እንደሚፈታ፣ ከፍ ያለ ግፊትም እንደሚፈታው፣ ግፊቱን በድንገት በመልቀቅም ተመራማሪዎች አተጣጠፉን በማግኔቱ ውስጥ እንደ ተከታተሉት ማውሳት ይበቃል።

ጥበቡ ድካም የሌለበት አይደለም፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። በ14.1 ቴስላ ውስጥ እንኳ ከ100000 የሃይድሮጅን አስኳሎች ውስጥ ድምፃቸው የሚሰማው 5 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት እርስ በርሳቸው ይሻሻራሉ። ስለዚህ ብዙ ፕሮቲን በጥቂት ውኃ ይፈለጋል፤ ብዙ ሲሆን ደግሞ የተፈታው ይጣበቃል፤ ተመራማሪው ሊሸሸው የሚፈልገውን የእንቁላል ቅቅል በቱቦው ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ፕሮቲኑ ትልቅ ሲሆንም በውኃ ውስጥ በዝግታ ይገለባበጣልና ድምፁ ይደክማል፤ የ1997 የቩትሪክና የፔርቩሺን ዘዴ ይህን ገደብ ብዙ ገፍቶታል። የመሣሪያው ዋጋና የሂልየሙ ፍጆታ ግን ለብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የማይደፈር ሆኖ ቀርቷል። በ2020 ፍሎሬንስ ከተማ የገባው የመጀመሪያው 1.2 ጊጋኸርዝ መሣሪያ 28.2 ቴስላ ኃይል አለው፤ ግን ኃይል ብቻውን የሌቪንታልን ጥያቄ አይፈታም።

ዛሬ አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒዩተር ሥራ ከአሚኖ አሲዶቹ ተራ ብቻ ተነሥቶ የመጨረሻውን መልክ በሚያስደንቅ ትክክለኛነት ስለሚተነብይ፣ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልም ለሠሪዎቹ ስለ ተሰጠ፣ የአተጣጠፍ ጥያቄ ተዘጋ የሚሉ አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። አልፋፎልድ የሚናገረው መንገደኛው የት እንደሚያድር ነው፤ በየት በኩል እንደሄደ፣ በየትኛው ጫካ እንደ ተሳሳተ፣ ካደረበት ቤት በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚወጣ አይናገርም። ይህንን የሚናገረው አሁንም የአስኳሉ ድምፅ ነው፤ ድምፁም ከንጹሕ ውኃ ወጥቶ ፕሮቲን ወደሚኖርበት ስፍራ እየገባ ነው። በፓርኪንሰን በሽታ የሚጠራቀመው አልፋ ሲኑክሊን በሕያው ሴል ውስጥ ገብቶ ሲደመጥ፣ በዚያ ግርግር መካከልም ሳይታጠፍ እንደሚኖር በ2016 ታወቀ። በለንደን ደግሞ ጆን ክሪስቶዱሉ ከዶብሰንና ከሌሎች ጋር በመሆን ፕሮቲን በሚቀጠልበት በራይቦዞም ላይ ገና በመወለድ ላይ ያለውን ሰንሰለት በኤን ኤም አር አዳመጠ፤ የሰንሰለቱ ጭራ አሁንም በራይቦዞሙ ዋሻ ውስጥ ተይዞ ሳለ፣ ከዋሻው የወጣው ክፍል በካርታው ላይ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ እየበተነ መታጠፍ ጀምሮ ተገኘ።